አይቻለሁ፣ ተስማምቻለሁ

በኮምቦልቻ ሰው ከሰው ሲገናኝ መጀመሪያ የሚጠያየቀው ስለ ካርድ ነበር። «ካርድሽ ደህና አደረ?» ይባላል፤ «ደህና፣ ያንተስ?» ይመለሳል። ካርዱ የአውራ ጣት ጥፍር ያህላል። የሰውዬው ስም፣ የትውልድ ቀኑ፣ ሕመሙ፣ የሚገባው ውሃና እህል ሁሉ እዚያ ላይ ተጽፏል፤ ሌላ ቦታ የለም። ድሮ የሁሉም መዝገብ በአንድ ትልቅ ማዕከል ይቀመጥ ነበር ይላሉ። ማዕከሉ ከተቃጠለ ወዲህ ግን እያንዳንዱ የራሱን መዝገብ በራሱ አንገት ላይ አስሮ ይዞራል። እንደ ክታብ በቆዳ ይሰፉታል። ሲታጠቡ አውልቀው ከደረቅ ቦታ ይሰቅሉታል። ሙሽሮች «ካርዳችሁን ይጠብቅላችሁ» ተብለው ይመረቃሉ።

እታገኝ ዋሴ አርባ ሰባት ዓመቷ ነው። ጠዋት ጠዋት በቦርከና ዳር ያሉትን የጉድጓድ ውሃ ፓምፖች ትጠግናለች። ከሰዓት በኋላ ደጇ ላይ ካለው የሳጠራ ጥላ ሥር ተቀምጣ ሌሎች የጻፉትን ኮድ ታነባለች። ለዚህኛው ሥራ ማንም አይከፍላትም። ውሃና እህል የሚታደልባቸው የዕደላ መስኮቶች ሁሉ የሚሠሩት አውድማ በተባለ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። አውድማ ክፍት ነው፤ የፈለገ ገብቶ ያየዋል፣ ስህተት ያገኘ አርሞ ይልካል። እርማቱ ሥራ ላይ የሚውለው ግን ከክፍሉ ገምጋሚዎች ሁለቱ አንብበው ከሥሩ «አይቻለሁ፣ ተስማምቻለሁ» ብለው ስማቸውን ሲያኖሩ ብቻ ነው።

የእታገኝ ክፍል ድራይቨሩ ነበር፤ መስኮቱንና ካርዱን የሚያነጋግረው ኮድ። ሦስት ገምጋሚዎች ነበሩት። አንዷ ካቻምና ሞታለች። የቀሩት እታገኝና ሐይቅ ከተማ ብቻቸውን የሚኖሩት ጋሼ ሙሄ አሊ ናቸው። ጋሼ ሙሄ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ስኳር ዓይናቸውን ከወሰደው አራት ዓመት ሆኖታል።

በሚያዝያ መጀመሪያ ናሆም የሚባል ሰው ከሐዋሳ አንድ እርማት ላከ። እታገኝ በአካል አታውቀውም፤ በኮዱ ግን ታውቀዋለች። ንጹሕ አድርጎ ይጽፋል፣ ሲታረምም አይኮራም። «ባለፈው ሳምንት» ይላል ማስታወሻው፣ «የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ሰልፍ ላይ ወድቃ ሞተች። ሰልፉ የሚቆመው የተበላሸ ካርድ ሲገባ ነው። እባካችሁ ይህን እናሳጥር።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ካርዱ መዝገቡን ሁለት ጊዜ ይይዘዋል፤ አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ገጾች አሉት። መስኮቱ አዲስ ነገር ሲጽፍ አንዱን ገጽ ይጨርስና ወደ ሁለተኛው ይሄዳል። ሁለቱ ገጾች ካልተመሳሰሉ ድራይቨሩ ቀጥ ብሎ ይቆምና ጸሐፊ ይጠራል። ጸሐፊው መጥቶ በዓይኑ አይቶ ትክክለኛውን እስኪመርጥ ሰዉ ሁለት ሦስት ሰዓት ፀሐይ ላይ ይቆማል። ናሆም ያመጣው ሐሳብ ቀላል ነበር። ድራይቨሩ ሰው አይጥራ፤ የሁለቱን ገጾች ቀን ያይና አዲሱን በአሮጌው ላይ ይገልብጠው።

እታገኝ ሦስት ቀን አነበበችው። በሦስተኛው ቀን ጻፈችለት፦ «ገጹ ላይ መጀመሪያ የሚጻፈው ቀኑ ነው። ቀኑ ተጽፎ ሌላው ሳይጻፍ ካርዱ ቢነቀልስ?»

«አይነቀልም» ብሎ መለሰ ናሆም። «መስኮቱ ጽፎ እስኪጨርስ ካርዱን ቆልፎ ይይዘዋል።»

እውነቱን ነበር፤ መስኮቶቹ ሲሠሩ መቆለፊያ ነበራቸው። እታገኝ በአራት አዳዲስ ካርዶች ሞከረችው፣ አራቱም ላይ ሠራ። ሰኞ ዕለት ስሟን አኖረች። በማግስቱ ጋሼ ሙሄ ደወሉላት።

«ልጄ፣ አነበብሽው?»

«አንብቤዋለሁ ጋሼ፤ መስመር በመስመር።»

«አንቺ ካየሽው እኔም አየሁት።»

ስማቸው ከስሟ ሥር ገባ። በሳምንቱ እርማቱ በአገሪቱ ባሉ መስኮቶች ሁሉ ላይ ነበር።

ሰልፉ አጠረ። ጠዋት አንድ ሰዓት የተሰለፈ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ውሃውን ይዞ ይገባ ጀመር። ሰው ደስ አለው። ናሆም ከሐዋሳ «እግዜር ይስጥሽ» ብሎ ጻፈላት።

በግንቦት አጋማሽ አንድ ጠዋት እታገኝ ከጎረቤቷ ከዘሃራ እንድሪስ ኋላ ተሰልፋ ነበር። ዘሃራ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ትሠራለች። ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ሁለት ሴቶች ልጆቿን ብቻዋን ታሳድጋለች። ተራዋ ደርሶ ካርዷን አስገባች።

«ካርዱ ባዶ ነው። ቀጣይ» አለ መስኮቱ።

ዘሃራ ዞር ብላ «እትዬ እታገኝ፣ ምን አለ?» አለች።

«አውጥተሽ እንደገና አስገቢው።»

«ካርዱ ባዶ ነው። ቀጣይ።»

«እህት፣ ወይ ቅጂ ወይ ልቀቂ!» አለ ከኋላ ያለ ሰውዬ። ዘበኛው መጥቶ የዘሃራን ጀሪካን ከሰልፉ አወጣው። አልተቆጣም፤ በዚያ ሳምንት ከሰልፍ ያወጣው ጀሪካን ብዙ ነበርና ለምዶታል።

«ትናንት ካርድሽን ምን አደረግሽው?» አለቻት እታገኝ።

«ምንም! ትናንት ቀድቻለሁ እኮ። ሰዉ ሲገፋኝ ጎትቼ ነቀልኩትና ሄድኩ፤ እንደ ሁልጊዜው።»

እታገኝ በዚያች ደቂቃ የራሷን ካርድ ልታስገባ እጇን ዘርግታ ነበር። እጇ እዚያው ቀረ። የኮምቦልቻ መስኮቶች መቆለፊያ ከተሰበረ ስድስት ዓመት አልፎታል። ስድስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ካርዷን በሁለት ጣቷ ጎትታ ስትነቅል ኖራለች። ናሆም «ቆልፎ ይይዘዋል» ያላትን ተቀብላ የፈረመችው በእነዚያው ጣቶች ነው።

ውሃ ሳትቀዳ ወደ ቤቷ ተመለሰች። መስኮት የማይቀበለው የመሞከሪያ ካርድ ወስዳ የፈጠራ መረጃ ጻፈችበትና፣ የቤት ማሽኗ እየጻፈ ሳለ መሀል ላይ ነቀለችው። መልሳ አስገባችው። ድራይቨሩ ሁለቱን ገጾች አየ። አንዱ ሙሉ ነው፣ ቀኑ ግን አሮጌ ነው። ሌላው ላይ የዛሬ ቀን ብቻ አለ፤ ከቀኑ ሥር ምንም የለም። ድራይቨሩ እንደታዘዘው ምንም የሌለውን ሙሉው ላይ ገለበጠው። ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ጊዜ ፈጀበት።

ማረሚያው ሠላሳ አንድ መስመር ሆነ። ጽፋ ስሟን አኖረች። ማሽኑ «አንድ ስም ይቀራል» አላት። ጋሼ ሙሄ ዘንድ ደወለች፤ ስልካቸው አይነሳም። ስለዚህ ወደ ዕደላ ጽሕፈት ቤት ሄደች፤ ኃላፊው አዝዞ መስኮቶቹን ማስቆም ይችል እንደሆን ብላ።

ኃላፊው አቶ ልዑልሰገድ ቁጭ በይ አላትና ከራሱ ድርሻ አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀዳላት። ክፉ ሰው አልነበረም።

«ስንት ሰው ነው?» አላት።

«በር ላይ የተሰበሰቡትን ቆጥሬያለሁ። በከተማችን ብቻ እስካሁን ሰባ አንድ።»

«ሰልፉን ግን አይተሽዋል? በግማሽ ቀንሷል። ከበላይ የምስጋና ደብዳቤ መጥቶልናል።»

«ሰዎቹ ውሃ አያገኙም አቶ ልዑልሰገድ። ክሊኒክም አይቀበላቸውም።»

«የትኞቹ ሰዎች?» አለ። መልሱን በእውነት የሚፈልግ ይመስል ነበር። «እኔ ዘንድ ጎደለ የሚል መዝገብ የለም። ለእኔ የሚታየኝ ካርድ ነው። ባዶ ካርድ ደግሞ የማንም ሊሆን ይችላል። ነገ አንድ ሺህ ሰው ባዶ ካርድ ይዞ ‹እኔ እገሌ ነኝ› ቢለኝ ምን ልሁን?»

«ስህተቱ የኔ ነው። ስሜ አለበት።»

«እንግዲያው አርሚያ። ክፍት ነው ትሉ የለም?»

«ሁለተኛ ስም ያስፈልገኛል።»

«አዲስ ገምጋሚ ለማስሾም ማመልከቻ ጻፊ። ስልሳ ቀን ይፈጃል» አላትና ብርጭቆውን አየ። «ጠጪው እንጂ።»

በማግስቱ ጠዋት ሐይቅ ሄደች። ጋሼ ሙሄን ግቢያቸው ውስጥ ካለች ዋንዛ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ስልካቸው ከተበላሸ ቆይቷል። ድምጿን እንደሰሙ «ዘገየሽ» አሏት።

«ጋሼ፣ ሰው አጠፋሁ» አለች። ያወራችው ቆማ ነው፤ መቀመጥ አልቻለችም።

«አጠፋን በይ። ሁለት ስም ነው ያለው። እኔ ሳላነብ ነው ስሜን ያኖርሁት፤ አንቺ አንብበሻል።»

«አንብቤ ሳላይ ከቀረሁ ምን ዋጋ አለው?»

«ቁጭ በይና አሁን አንብቢልኝ።»

ሠላሳ አንዱን መስመር ቀስ ብላ አነበበችላቸው። እሳቸው በጣታቸው ጉልበታቸውን እየመቱ ሰሙ። አሥራ ዘጠነኛው ላይ አስቆሟት።

«ድገሚልኝ።»

ደገመችላቸው።

«አንደኛው ገጽ ባዶ ከሆነ ጸሐፊ ጥራ ትያለሽ። ጎሽ። ሁለቱም ባዶ ከሆኑስ? ምንም አላልሽውም። መስኮቱ ደርቆ ይቀራል፤ ሰዉም መስኮቱን ይሰብረዋል።»

እውነት ነበር። አረመችው። ከመጀመሪያው አንስቶ እንደገና አስነበቧት፤ ከዚያም ለሦስተኛ ጊዜ። ፀሐይዋ ስትዞር እታገኝ በርጩማውን ወደ ጥላው አዛወረችላቸው።

«አሁን ደህና ነው» አሉ በመጨረሻ። ከዚያ አንገታቸው ላይ ያለውን የቆዳ ከረጢት ያዝ አደረጉ። «ይህ ካርዴ ግን ነገር አለበት። ባለፈው ረቡዕ ውሃ ስቀዳ አንዱ ገፋኝና መስኮቱ ሳይጨርስ ነቀልሁት። በኋላ ሰዉ ባዶ ሆነ ሲባል ሰማሁ። ዓይን የሌለው ሰው ማሰቢያ ጊዜ አለው፤ ተቀምጬ ሳስበው ምክንያቱ ገባኝ። ከዚያ ወዲህ መስኮት አልሄድሁም፤ ጎረቤት ነው የሚያጠጣኝ።»

እታገኝ ደነገጠች። «እንግዲያው እንዳያስገቡት! አንደኛው ገጽ ላይ እስካሁን ሙሉ ነዎት። እርማቱ ከገባ በኋላ ጸሐፊ ያስተካክልልዎታል።»

«ያልተፈረመበት እርማት የትኛውም ማሽን ላይ አይሠራም፤ እንዲገባ እኔ መፈረም አለብኝ። እንድፈርም ካርዴ ማሽኑ ውስጥ መግባት አለበት።»

እታገኝ ይዛው የመጣችውን የቤት ማሽን ከእሳቸው ራቅ አደረገችው።

«የቤት ማሽን» አሉ ጋሼ ሙሄ፣ «ፊርማውን ካነሳ በኋላ ነው ገጾቹን የሚያስተያየው። የመስኮቱ ግን አስቀድሞ ያስተያያል። አውቀዋለሁ፤ ከሃያ ዓመት በፊት እኔው ነኝ የጻፍሁት። ፊርማዬ ያልፋል። ከዚያ በኋላ ያለው የአላህ ነው።»

«ስልሳ ቀን እንጠብቅ ጋሼ። አዲስ ገምጋሚ ይሾማል።»

«በቀን ስንት ሰው ባዶ ይሆናል?»

«በአገር ደረጃ... መቶ ሳይሆን አይቀርም።»

ጋሼ ሙሄ ከዚህ በኋላ አልተከራከሩም። ከረጢቱን ፈትተው ካርዱን በጣታቸው ጫፍ ዳሰሱና ማሽኑን አቅርቢልኝ አሏት። አቀረበችላቸው። በገዛ እጇ ማቅረቧን በኋላ ራሷ ደጋግማ ተናግራለች።

«ሙሄ አሊ። አይቻለሁ፣ ተስማምቻለሁ። ተቀብያለሁ» አለ ማሽኑ። አንድ ትንፋሽ ያህል ቆይቶ «ካርዱ ባዶ ነው» አለ።

«ይኸው» አሉ ሽማግሌው፣ «ይህኛውን እንኳ በእርግጥ አይቼዋለሁ።»

እርማቱ በአራት ቀን ውስጥ በየመስኮቱ ደረሰ። የሰው ካርድ ባዶ መሆኑ ቆመ። ሰልፉም ተመልሶ ረዘመ፤ እታገኝ ከፊትና ከኋላዋ ያሉት ሰዎች ያዘገያቸውን ሰው ሲራገሙ እየሰማች ቆመች።

አስቀድሞ ባዶ የሆነ ካርድ ግን አልሞላም። ደንቡ ባዶ ካርድ ላይ ስም የሚጻፍበት አንድ በር ብቻ ያውቃል፤ እሱም ልደት ነው። ዕድሜዋ ከሃምሳ በታች የሆነች ሴት በሁለት ዓመት አንድ ልጅ ማስመዝገብ ትችላለች። አባት ማስመዝገብ አይችልም። እታገኝ ይህን ስታነብ መጀመሪያ ያሰበችው ጋሼ ሙሄን ነበር። ሐይቅ ተመልሳ «እንደ ልጄ ላስመዝግብዎት» አለቻቸው። ሳቁ፤ ሳቁና አስላቸው።

«ዘሃራ ያልሽኝ ልጅስ? ልጆቿን ምን እያጠጣች ነው?»

«ልጆቹ የራሳቸው ድርሻ አላቸው። እሷ ከእነሱ ላይ እየቀነሰች ነው የምትጠጣው።»

«እንግዲያው እሷን ውለጃት። እኔ ልጅ ለመሆን አርጅቻለሁ።»

ሐሙስ ጠዋት እታገኝና ዘሃራ የልደት መዝገብ ክፍል ገቡ። መዝጋቢዋ መነጽር ያደረገች፣ ድምፀ ቀጭን ሴት ናት። ባዶውን ካርድ ተቀብላ ማሽኑ ላይ አኖረች።

«የልጅ ስም?»

«ዘሃራ» አለች እታገኝ።

«የአባት ስም?»

እታገኝ ዘወር አለች። «እንድሪስ» አለች ዘሃራ ራሷ። «አባቴ እንድሪስ ነው።»

መዝጋቢዋ ቀና ብላ ዘሃራን አየቻት። የፋብሪካ ጥጥ የተጣበቀበት ሻሿን አየች፤ በጥሙ የተሰነጠቀ ከንፈሯን አየች። ጣቶቿ ከማሽኑ የፊደል ሰሌዳ ላይ ተነሱ። ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም።

«ስትወለድ የመዘነችው?» አለች ወደ ሰሌዳው ተመልሳ።

እታገኝ ወደ ዘሃራ ዞረች፤ ዘሃራ ትከሻዋን ነቀነቀች።

«ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ ልበለው?» አለች መዝጋቢዋ።

«በይው።»

«እናትየዋ ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ።»

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለችና ካርዱን ለእታገኝ ሰጠቻት። ዘሃራ የሕፃን ድርሻ አገኘች፤ በቀን ሁለት ሊትር ውሃና የዱቄት ወተት። ከእታገኝ ስምንት ሊትር ላይ ሲጨመር ለሁለቱ ይበቃል። ዘሃራ እቤቷ እስክትደርስ አላለቀሰችም።

ወሬው ሴት ለሴት ሄደ። በሰኔ አራት ሴቶች ወለዱ፤ በሐምሌ አሥራ አንድ። ሐይቅ ውስጥ ረውዳ የምትባል የጋሼ ሙሄ ጎረቤት «እኔ አስመዘግባቸዋለሁ» አለች፤ ቀጠሮዋ ለሰኞ ሆነ። ቅዳሜ ጋሼ ሙሄን ትኩሳት ያዛቸው። ክሊኒኩ በር ላይ ጎረቤቶች ካርዳቸውን አስገቡላቸው፤ በሩ አልተከፈተም። እሑድ ከቀትር በኋላ ሞቱ፤ በዚያው ዕለት ተቀበሩ። እታገኝ የደረሰችው አፈር ከለበሱ በኋላ ነው። የለቅሶው ሰው ውሃ አዋጥቶ ሰጣት፤ መጠጣት አቃታት።

በነሐሴ መጀመሪያ አቶ ልዑልሰገድ ለበላይ የላከው ሪፖርት የኮምቦልቻ የልደት ቁጥር ያለምክንያት ማሻቀቡን ገለጸ። ከሁለት ሳምንት በኋላ እታገኝ ዘንድ አዲስ የድራይቨር እርማት መጣ። የላከው የጽሕፈት ቤቱ የራሱ ባለሙያ ነበር። የልደት ካርድ ሲጻፍ ማሽኑ የሕፃኑን የአውራ ጣት አሻራ ይለካል፤ አሻራው ከአንድ ሳንቲ ሜትር ከሰፋ ካርዱ አይጻፍም። እርማቱ በጠቅላላው ሃያ ሁለት መስመር ነው።

እታገኝ ጥላዋ ሥር ተቀምጣ አነበበችው። ድምጿን ከፍ አድርጋ ደግማ አነበበችው፤ ከዚያም ለሦስተኛ ጊዜ። በጉልበቷ ላይ በጣቷ እየመታች በእያንዳንዱ መስመር ቆመች። ካርዱ መሀል ላይ ቢነቀል፣ መብራት ቢጠፋ፣ ጣቱ የቆሰለ ቢሆን እያለች ሁሉንም ሞከረችው። እንከን አልነበረውም። ከዓመታት ወዲህ ካየቻቸው ሁሉ ንጹሑ ኮድ ይህ ነበር።

ከሥሩ ጻፈች፦ «አይቻለሁ። አልተስማማሁም።»

ማሽኑ ምክንያት ጠየቃት። ባለሙያ የሆነ ገምጋሚ የኮዱን ስህተት መስመር ጠቅሶ መጻፍ አለበት፤ ሃያ ዓመት ስታደርገው የኖረችው እሱን ነው። ዘሃራ ከፋብሪካ ስትመለስ በአጥሩ በኩል «እማዬ፣ ዋልሽ?» አለቻት፤ እንደዚያ ብላ መጥራት የጀመረችው ለቀልድ ነበር፤ አሁን ቀልዱ ጠፍቷል።

እታገኝ ጻፈች፦ «ምክንያት፦ ልጅ አለኝ።»

የጽሕፈት ቤቱ መልስ በማግስቱ መጣ። ከገምጋሚነት ተነስታለች፤ በእሷና በሟቹ በጋሼ ሙሄ ምትክ ሁለት ሰዎች ይሾማሉ፤ ሹመቱ በደንቡ መሠረት ስልሳ ቀን ይፈጃል። እታገኝ ደብዳቤውን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ፓምፕ ጣቢያው ሄዳ ፈቃድ ጠየቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቤት ወደ ቤት እየሄደች፣ ዕድሜዋ ከሃምሳ በታች የሆነችውን ሴት ሁሉ በር እያንኳኳች ስልሳው ቀን መቼ እንደሚያልቅ ነገረቻት። አንዳንዷ በሩን ዘጋችባት። አንዳንዷ የራሷን ልጅ ለማርገዝ ተስፋ የምታደርግ ነበረችና ይቅርታ ጠየቀቻት። ሌላዋ ነጠላዋን አንስታ «የቱን ነው የምወልደው?» አለቻት።

ስልሳኛው ቀን ሲሞላ ኮምቦልቻ ውስጥ እርማቱ እስኪደርስ ባዶ ከሆኑት ሰማንያ አራት ሰዎች ስድሳ ሰባቱ ተወልደው ነበር። ከእነሱ ትልቁ ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ስድስቱ ተራቸው ሳይደርስ ሞቱ። የቀሩት አሥራ አንዱ በስልሳ አንደኛው ቀን ጠዋት የልደት ክፍሉ በር ላይ ተሰልፈው ቆመዋል፤ አውራ ጣታቸውን በመዳፋቸው ውስጥ ደብቀው።